ትምህርት አሥራ አንድ፦ በአንድ ርብራብ ላይ ስንት የዘር ድንች?

ባለፈው ትምህርት አንድን ድርጊት ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው በቅደም ተከተል የሚያወሳውን ተራኪ ድርሰት አጥንተናል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ምክንያትንና ውጤትን እያያያዘ የሚያስረዳ አንቀጽ እንዴት እንደሚጻፍ እንመለከታለን። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ መጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ኋላም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ «ምክንያቱ ምንድን ነው? ውጤቱስ?» እያላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሀ. ምንባብ

የብርሃን ድርሻ

ድንች ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ያስገባውም ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እንደ ሆነና ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1858 እንደ ነበረ በብዙ ጽሑፎች ተመልክቷል። ዛሬ በሰሜን ሸዋ ደጋዎች፣ በመንዝና በግሼ፣ ከገብሱና ከባቄላው ጎን ለጎን ድንች ይተከላል። የአገሩ ብርድ ለጤፍ አይመችም፤ ድንች ግን ይስማማዋል። የእህሉ ጎተራ በሚጎድልበት ወራት ቤተ ሰቡን የሚደግፈው ብዙ ጊዜ ይኸው ድንች ነው።

ይሁን እንጂ የድንች ዘር እንደ ገብስ ዘር በጎተራ አይቀመጥም። የገብስ ቅንጣት ደረቅ ስለ ሆነ ወራት ቢያልፉም አይለወጥም። ድንች ግን ውሃ ያዘለ፣ የሚተነፍስ ሕያው አካል ነው። ከመሬት ከወጣ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል እንደ ተኛ ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ በቆዳው ላይ ያሉት ዓይኖች ማጎንቆል ይጀምራሉ። በኅዳር የተቆፈረ ድንች በሰኔ እስኪተከል ድረስ ሰባት ወር መጠበቅ አለበት። ስለዚህ የገበሬው ችግር ድንቹ እንዳያጎነቁል መከልከል ሳይሆን በመልካም ሁኔታ እንዲያጎነቁል ማድረግ ነው።

የመንዝ ቤት ግድግዳው በድንጋይ የተገነባና ወፍራም፣ መስኮቱም ጠባብ በመሆኑ ከብርድና ከነፋስ በደንብ ይከላከላል። ነገር ግን ውስጡ ጨለማ ነው። በዚህ ጨለማ ጥግ በጆንያ ተሞልቶ የተቀመጠ ድንች ቀጭን፣ ነጭና ረጅም ጉንቁል ያወጣል። ቡቃያው ብርሃን ፍለጋ የሚዘረጋው ከድንቹ ውስጥ ባለው ስንቅ ነውና ድንቹ እየተጨማደደና እየላላ ይሄዳል። ጆንያው በሚፈታበትና ዘሩ ወደ ማሳ በሚጓዝበት ጊዜም ያ ረጅም ጉንቁል ይሰበራል። ገበሬው የተከለው ድንች ቁጥሩ ያልጎደለ ቢመስልም ኃይሉ አስቀድሞ ያለቀ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ዘሩን ከጨለማ አውጥቶ በተበተነ ብርሃን ውስጥ ማኖር ነው። የተበተነ ብርሃን ማለት ፀሐይ በቀጥታ ሳታርፍበት በግድግዳው ክፍተት ገብቶ በቤቱ ውስጥ የሚዳረስ ብርሃን ነው። የማከማቻው ግድግዳ አየርና ብርሃን እንዲያሳልፍ ከተራራቁ እንጨቶች ይሠራል። ክዳኑም ዝናብና ፀሐይ እንዳያስገባ ወደ ውጭ ይረዝማል። በውስጡ ርብራቦች አንዱ ከሌላው በላይ ይዘረጋሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ይህን ዘዴ በብዙ አገሮች እንዲታወቅ አድርጓል። በአገራችንም የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ዘዴውን ለገበሬዎች ሲያስተዋውቅ ቆይቷል።

በብርሃን ውስጥ የተቀመጠ የዘር ድንች ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል። በአንድ ዓይን ብቻ ከመርዘም ይልቅ በብዙ ዓይኖቹ ያጎነቁላል። ብዙ ጉንቁል ብዙ ግንድ፣ ብዙ ግንድም ብዙ ድንች ያስገኛል። ብርሃኑ በቀነሰ መጠን ግን ጉንቁሉ እየረዘመና እየነጣ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ትልቁ ጥያቄ ይነሣል። በአንድ ርብራብ ላይ ስንት ድንች ሊቀመጥ ይችላል? ብርሃን እንደ ውሃ ወደ ታች አይሰርግም፤ ከላይ ያለው ድንች የተቀበለውን ከታች ላለው አያስተላልፍም። ክምሩ ከወፈረ መካከሉ ጨለማ ይሆናል፤ አየርም ስለማይዘዋወርበት ይሞቃል፤ አንዱ ሲበሰብስ ጎረቤቱን ያበሰብሳል። ስለዚህ ድንቹ ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት ድርብ እንዳይበልጥ ይመከራል። በሁለት ርብራቦች መካከልም የአንድ ክንድ ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ካልተተወ የላይኛው ርብራብ ለታችኛው ጥላ ይሆንበታል።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ርብራብ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 20,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የዶሮ እንቁላል የሚያህል አንድ የዘር ድንች 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቦታ ይይዛል እንበል። እንግዲህ በአንድ ድርብ 800፣ በሁለት ድርብ 1,600 ድንች ይነጠፋል ማለት ነው። የአንዱ ክብደት 60 ግራም ቢሆን የርብራቡ ሸክም 96 ኪሎ ግራም ይሆናል። በአጭሩ አንድ ርብራብ አንድ ኩንታል ያህል ይይዛል።

አሁን በመንዝ ደጋ የሚኖር አንድ ገበሬ እናስብ። ክፍት ግድግዳ ያላት ትንሽ የዘር ቤት በጓሮው ሠርቶ፣ በውስጧ አራት ርብራቦች ዘርግቷል። የቆፈረው ድንች ስምንት ኩንታል ነው። በሰኔ ሊተክል ያሰበው መሬት የሄክታር አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 1,250 ካሬ ሜትር ነው። ባል፣ ሚስትና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ከዘር ቤቷ ደጃፍ ቆመው ይመካከራሉ።

«ቤቱ ከተሠራ ወዲያ ምን ይጠበቃል?» አለ አባት። «ስምንቱንም ኩንታል እንከምረው። ውጭ የቀረ ሁሉ ይበላሻል።»

«ሁሉን ዘር ካደረግነው እስከ ክረምት ምን ልንበላ ነው?» አለች እናት። «ለዘሩ ሦስት ኩንታል ይበቃዋል። ሌላው ለጉሮሮ ይሁን።»

ልጅቱ ደብተሯን ገልጣ ቆየችና «አባባ፣ እማዬ፣ ከፈቀዳችሁልኝ ቁጥሩን ልናገር» አለች።

«ተናገሪ ልጄ» አሏት።

«ድንች በመስመርና በመስመር መካከል 75፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ ይተከላል። በዚህ ልክ የእኛ መሬት 5,555 ድንች ያህል ይፈልጋል። አባባ እንዳሉት ስምንቱንም ኩንታል ብንከምር በእያንዳንዱ ርብራብ ከአራት ድርብ በላይ ይሆናል፤ የታችኛው ብርሃን አያገኝም። እማዬ እንዳሉት ሦስት ኩንታል ብቻ ብናስገባ 5,000 ድንች ነው፤ አንድም ሳይበሰብስ እንኳ 555 ይጎድለናል። በሁለት ድርብ ብንነጥፍ ግን አራቱ ርብራቦች 6,400 ይይዛሉ። መሬቱን አዳርሶ 845 ይተርፋል፤ እሱም ለሚበሰብሰው ምትክ ይሆናል።»

«የተረፈውን በኋላ እንበላዋለን» አለች እናት።

«ኋላማ አይበላም፣ እማዬ። ብርሃን ያረፈበት ድንች ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ውስጡም ሶላኒን የተባለ መራራ መርዝ ይበዛበታል። መርዙን መቀቀል አያጠፋውም።»

አባት ዝም ብሎ ርብራቦቹን ተመለከተ። ከዚያም «እንግዲያው ለምግብና ለዘር የምንለየው ዛሬ ነው፤ እዚህ ቤት የገባ ወደ ድስት አይመለስም» አለ። አራት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ለርብራቡ ቆጠሩ። ከአራት ኩንታል በላይ የሆነውን ግን ብርሃን ወደማይገባበት ወደ ቤቱ ጥግ መለሱት፤ ከፊሉ ለገበያ፣ ከፊሉ ለቤት ቀለብ እንዲሆን ተስማሙ።

ከዚህ እንደምንረዳው «ስንት ድንች በብርሃን ውስጥ ይቀመጥ?» የሚለው ጥያቄ የስፍራ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የቀለብና የዘር ክፍፍል ጥያቄም ነው። ከልክ በላይ የተከመረው ለምግብም ለዘርም ሳይሆን ይቀራል። ከልክ በታች የገባው ደግሞ በሰኔ መሬቱን ጦም ያሳድረዋል።

ልኩ ግን በየስፍራው አንድ ዓይነት አይደለም። መሐል ሜዳን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ ብርዱ ጉንቁሉን ያዘገየዋል፤ ነገር ግን ውርጭ የመታው ድንች ይሞታልና በውርጭ ሌሊት የቤቱን ክፍተት በሣር ወይም በጆንያ መጋረድ ያስፈልጋል። ወደ መርሐቤቴ ወርደን በጀማና በወንጪት ወንዞች አቅጣጫ ወደሚገኘው ሞቃት አገር ስንደርስ ደግሞ ጉንቁሉ ይፈጥናል፤ የተከመረ ድንችም ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ በሞቃት ስፍራ ድርቡን ማሳሳት ይበጃል። በሌላ በኩል የተክል በሽታ ከተክል ወደ ተክል የሚያጓጉዙት ጥቃቅን ተባዮች በብርዳም ደጋ ያን ያህል ስለማይበዙ ከፍተኛው ደጋ ንጹሕ የድንች ዘር ለማግኘት የተሻለ ነው።

የብርሃን ድርሻ ሕግ በፀሐይ ብርሃን ብቻ አይወሰንም። በምርምር ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ከበሽታ የነጹ ጥቃቅን የድንች ችግኞች በጠርሙስ ሆነው በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ያድጋሉ። ከአንድ አምፖል የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ሰፊ ቦታ ለማዳረስ ብሎ መብራቱን ወደ ላይ የሚሰቅል ሰው ብርሃኑን ያሰፋዋል እንጂ አያበዛውም። በአንድ መብራት ሥር ስንት ችግኝ ማሳደግ እንደሚቻል የሚጠይቅ ሰው የችግኙን ብዛት ከመቁጠሩ በፊት በቂ ብርሃን የሚያርፍበትን ስፋት መለካት አለበት። የመንዙ ገበሬም፣ የቤተ ሙከራው ሠራተኛም የሚጠይቁት አንድ ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ምን ያህል ነው?

ለ. የቃላት ፍቺ

1. ጉንቁል፦ ከዘር ወይም ከድንች ዓይን የሚወጣ የመጀመሪያ ቡቃያ። ግሡ «አጎነቆለ» ነው።
2. ርብራብ፦ እንጨት በእንጨት ላይ እየተጋደመ የሚሠራ፣ አየር የሚያሳልፍ መደርደሪያ።
3. ድርብ፦ በዚህ ምንባብ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ የተነጠፈ ረድፍ።
4. ስንቅ፦ ለመንገደኛ የሚያዝ ምግብ፤ በምንባቡ ግን በድንቹ ውስጥ የተከማቸ ምግብ።
5. ጦም አደረ፦ ስለ መሬት ሲነገር፣ ሳይዘራበት ወይም ሳይተከልበት ቀረ።

ሐ. ሰዋስው፦ ምክንያትና ውጤት፤ ሁኔታና ውጤት

1. «ስለ» እና «ስለዚህ»

ምሳሌ ሀ፦ የገብስ ቅንጣት ደረቅ ስለ ሆነ አይለወጥም።
ምሳሌ ለ፦ የገብስ ቅንጣት ደረቅ ነው። ስለዚህ አይለወጥም።

በምሳሌ ሀ «ስለ» ከግሥ በፊት ገብቶ ጥገኛ ሐረግ መሥርቷል፤ ሐረጉ ብቻውን ሲነገር ሐሳቡ አይሞላም። በምሳሌ ለ ግን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ «ስለዚህ» የሁለተኛውን ሐሳብ ከመጀመሪያው ጋር ያያይዛል። ሁለቱን በአንድነት መጠቀም በተማሪዎች ደብተር ላይ አዘውትሮ የሚታይ ስሕተት ነው።

ስሕተት፦ ድንቹ ስለ ተከመረ ስለዚህ በሰበሰ።
ትክክል፦ ድንቹ ስለ ተከመረ በሰበሰ።
ትክክል፦ ድንቹ ተከመረ። ስለዚህ በሰበሰ።

2. «ከ» እና «ቢ… ኖሮ»

ምሳሌ ሀ፦ ክምሩ ከወፈረ መካከሉ ጨለማ ይሆናል።
ምሳሌ ለ፦ ክምሩ ባይወፍር ኖሮ መካከሉ ጨለማ አይሆንም ነበር።

ምሳሌ ሀ ወደ ፊት ሊሆን የሚችለውን ወይም ዘወትር የሚሆነውን ነገር ይገልጻል። ምሳሌ ለ ደግሞ ያለፈውን ነገር እያሰበ፣ ሁኔታው ሌላ ቢሆን ኖሮ ሊገኝ ይችል የነበረውን ውጤት ያመለክታል። የመጀመሪያው ያስጠነቅቃል፤ ሁለተኛው ይቆጫል። ጸሐፊው የትኛውን ሊል እንደ ፈለገ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

3. «በ… መጠን»

ምሳሌ፦ ብርሃኑ በቀነሰ መጠን ጉንቁሉ ይረዝማል።

ይህ አገባብ ሁለት ነገሮች አብረው እንደሚለዋወጡ ያሳያል። ልብ በሉ፤ አንዱ ሲቀንስ ሌላው ሊጨምር ይችላል።

መ. ድርሰት፦ የሚያስረዳ አንቀጽ

የሚያስረዳ አንቀጽ ሦስት ክፍሎች አሉት። ኃይለ ቃሉ ዋናውን ሐሳብ ይናገራል፤ መዘርዝሮቹ ምክንያቱን፣ ምሳሌውንና ቁጥሩን ያቀርባሉ፤ መደምደሚያው ከዝርዝሩ የተገኘውን ፍርድ ያስታውቃል። አንድ ኃይለ ቃል የሚሸከመው የዝርዝር ልክ አለው። ከኃይለ ቃሉ ጋር የማይገናኝ ዝርዝር፣ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ በሌላ አንቀጽ መግባት ይገባዋል።

ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ተመልከቱ።

«የዘር ድንች በርብራብ ላይ ሳስቶ መነጠፍ አለበት። ድንች ከጀርመናዊ ሰው ጋር መጣ። ጆንያ በገበያ ይሸጣል። ድንች ቢደራረብ ይበሰብሳል። መሐል ሜዳ ብርዳም ነው።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሐሰት የሆነ ዓረፍተ ነገር የለም፤ ነገር ግን አንባቢው ምን እንደ ተነገረው አያውቅም። ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ኃይለ ቃሉን አያግዙም። አንቀጹ ሲታረም እንዲህ ይሆናል።

«የዘር ድንች በርብራብ ላይ ሳስቶ መነጠፍ አለበት። ከሁለት ወይም ከሦስት ድርብ ሲበልጥ የታችኛው ብርሃን ስለማያገኝ ጉንቁሉ ይረዝማል፤ በሚነሣበትም ጊዜ ይሰበራል። ከዚህም በላይ አየር ስለማይዘዋወርበት አንዱ የበሰበሰ ድንች ሌላውን ያበላሻል። ስለዚህ ገበሬው ብዙ በመከመር የሚያተርፍ ቢመስለውም የሚተክለውን ዘር ያጣል።»

ሠ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
ሀ) የድንች ዘር እንደ ገብስ ዘር በጎተራ የማይቀመጠው ለምንድን ነው?
ለ) አባትና እናት በየበኩላቸው ያቀረቡት ሐሳብ ምን ጉድለት ነበረው? በየሐሳባቸው ውስጥስ ምን እውነት ነበረ?
ሐ) «እዚህ ቤት የገባ ወደ ድስት አይመለስም» የሚለውን አነጋገር በራሳችሁ ቃል አብራሩ።

2. ገበሬው ሊተክል ያሰበው የሄክታር አንድ አራተኛ ቢሆን ስንት የዘር ድንች ያስፈልገዋል? በሁለት ድርብ ለመንጠፍስ ስንት ርብራቦች መሥራት አለበት? አሠራራችሁን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

3. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አርሙ።
ሀ) ውርጭ ስለ ወረደ ስለዚህ ድንቹ ሞተ።
ለ) ባለፈው ዓመት ዘሩን ከጋረድን ኖሮ አይሞትም ነበር።

4. «በ… መጠን» የሚለውን አገባብ በመጠቀም ስለ መንደራችሁ እርሻ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።

5. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ዘር እንዴት እንደሚለይና የት እንደሚቀመጥ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። የነገሯችሁን በማስታወሻ ከያዛችሁ በኋላ «በቤታችን ለቀለብና ለዘር የሚከፈለው እንዴት ነው?» በሚል ርእስ ሦስት አንቀጾች ያሉት ድርሰት ጻፉ። ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ኃይለ ቃል ብቻ ስጡት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰቱን ለነገሯችሁ ሰዎች አንብቡላቸው፤ ያሉትን በትክክል ማስፈራችሁን ከእነርሱው አረጋግጡ።